የሞተር ብስክሌት ካርቡራቶር ሕመምና መፍትሔው

በሬዲዮ ያሰማነው ይህ ንግግር በጽሑፍ ቢወጣ ለብዙዎች ይጠቅማል ስለተባለ፣ እነሆ ዛሬ በዚህ ዐምድ እናቀርበዋለን። ነገሩ ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ይኸውም በሞተር ብስክሌት ላይ ቤንዚንን ከአየር ጋር እየለካ የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ነው።

«በቢሮ ተቀምጠን መዝገብ የምንመረምር ሰዎች ስለ ካርቡራቶር ማወቃችን ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በቢሮ የተጻፈው ደብዳቤ ፍሬ የሚያፈራው በገጠር ነው። ክትባት የሚያደርሰው የጤና ሠራተኛ፣ የሰብል በሽታ ለመመልከት የሚወጣው የግብርና ባለሙያ፣ ከወረዳው ከተማ ወደ ቀበሌ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ የሚያገለግላቸው ሞተር ብስክሌት ነው። ሞተሩ በመንገድ ላይ ሲቆም የሚቆመው ብረቱ ብቻ አይደለም። በበረዶ ሣጥን የተያዘው ክትባት የሚቈይበት ሰዓት የተቈጠረ ነው፤ ዋግ የገባበት ስንዴም የባለሙያውን መምጣት አይጠብቅም። ደግሞም ለጥገና የሚወጣውን ገንዘብ የሚፈቅደውና የሚፈርመው በቢሮ ያለው ሹም ስለሆነ፣ የሚፈርምበትን ነገር ጥቂት ቢያውቅ የሕዝብ ገንዘብ ከብክነት ይድናል።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። አንድ የግብርና ባለሙያ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቋሪት ደጋ ይሄዳል እንበል። የተሰጠው ሞተር ብስክሌት አሮጌ ነው፤ ከእርሱ በፊት ሦስት ሰዎች ነድተውታል። አንደኛው ጉልበት ይጨምራል ብሎ የማርሚታውን የውስጥ ክፍል አስቈርጦ አስወጥቷል። ሁለተኛው የአየር ማጣሪያው ሲቀደድ ሌላ ስላላገኘ ያለ ማጣሪያ ነድቶታል። ሦስተኛው ደግሞ የቀድሞው ካርቡራቶር አረጀ ተብሎ፣ ከሌላ ዓይነት ሞተር ብስክሌት የወጣ ሰፊ ካርቡራቶር አስገጥሞለታል። አሁን ሞተሩ በጠዋት ብርድ አልነሣም ይላል፤ ከተነሣም በኋላ ነዳጅ ሳይሰጡት ይጮኻል፤ በመሐል ይንተባተባል፤ አቀበት ሲደርስም ይታፈናል። ባለሙያው ወደ ጋራዥ ይወስደዋል፤ ሠራተኛው ካቻቢቴውን አንሥቶ አንዱን ብሎን ያዞራል፤ ለአንድ ቀን ይሻለዋል፤ በሁለተኛው ቀን ሕመሙ ይመለሳል። በወሩ መጨረሻ ብሎኑ ምን ያህል እንደ ዞረ የሚያውቅ ሰው የለም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ አስቀድመን የካርቡራቶርን ሥራ ከሥሩ እንመልከት። በምድጃ እሳት የምታነድ እናት የምታውቀው ነገር አለ። እንጨቱ በዝቶ አየር ሲያንሰው እሳቱ ይጨሳል፤ ጥቀርሻ ያበዛል፤ ምጣዱ ግን አይግልም። እንጨቱ አንሶ ነፋስ ሲበዛበት ደግሞ ነበልባሉ ይዋዥቃል፤ ከዚያም ይጠፋል። ሞተርም እንደዚሁ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን ፈጽሞ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ከዚህ ልክ ሲበዛ ድብልቁ ወፍራም ነው እንላለን፤ ሲያንስ ቀጭን ነው እንላለን። ወፍራሙ ቤንዚን ያባክናል፤ ጥቁር ጭስም ያስተፋል። ቀጭኑ ግን ሞተሩን ከልክ በላይ ያግለዋል፤ ሲብስም ፒስቶኑን ከሲሊንደሩ ጋር አጣብቆ ያደርቀዋል። ከሁለቱ ይልቅ የሚፈራው ቀጭኑ ነው።

ካርቡራቶር ይህን ልክ የሚጠብቅበት ጥበብ ቀላል ነው። እንደ ብር ያለ ወንዝ መሄጃው ሲጠብ ይፈጥናል፤ ሜዳ ላይ ሲሰፋ ይዘገያል። አየርም ጠባብ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ይፈጥናል፤ በፈጠነበት ስፍራም ግፊቱ ይቀንሳል። የስዊሱ ሊቅ ዳንኤል በርኑሊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ የፈሳሽን ግፊትና ፍጥነት ዝምድና አስረዳ፤ የኢጣልያው ሊቅ ቬንቱሪም በ1797 ስለ ጠባብ ቱቦ የመረመረውን ገለጸ። ከዚያም በ1893 ጀርመናዊው ዊልሄልም ማይባክ ቤንዚንን በቀጭን አፍንጫ የሚረጭ ካርቡራቶር ሠራ። በዛሬው ሞተር ብስክሌትም ሥራው ይኸው ነው። ቤንዚኑ ከመያዣው ወርዶ በካርቡራቶሩ ሥር ባለች ትንሽ ጽዋ ይጠራቀማል። በጽዋዋ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ሲሞላ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጐድል ይከፍታል። በላይ በኩል በጠባቡ ቱቦ የሚያልፈው ፈጣን አየር ቤንዚኑን ከጽዋው ይስባል፤ ቤንዚኑም «ጄት» በሚባሉ፣ ቀዳዳቸው በጥንቃቄ በተለካ የናስ ብሎኖች ውስጥ አልፎ ይወጣል። እንግዲህ የድብልቁ ልክ የሚገኘው ከቱቦው ስፋት፣ ከጄቱ ቀዳዳና ከሚገባው አየር ስምምነት ነው። ከሦስቱ አንዱን የለወጠ ሰው ልኩን ሁሉ ለወጠ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ ማሰብ ያስፈልጋል። በባሕር ጠረፍ ያለ አየር ከባድ ነው፤ ወደ ደጋ በወጣን መጠን እየሳሳ ይሄዳል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ክብደት በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 18 ያህል ያንሳል። ፍኖተ ሰላም በ1,900 ሜትር፣ ቡሬም በ2,100 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ የግሽ ዓባይ ምንጭ ያለበት ሰከላ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። ካርቡራቶር ግን የአየሩን መሳሳት በሙሉ አያውቅም። አየሩ ከመቶ 18 ሲቀንስ፣ የሚሳበው ቤንዚን የሚቀንሰው ከመቶ 9 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ ተለክቶ የተሠራ ካርቡራቶር በቡሬ ሲነዳ ከሚገባው ከመቶ 10 ያህል የበለጠ ቤንዚን ይሰጣል፤ ድብልቁም ይወፍራል።

ከዚህም ሌላ፣ ካርቡራቶሩ በትክክል ቢለካ እንኳ አየሩ ስለሳሳ ሞተሩ በደጋ ከቈላው ያነሰ ጉልበት ይኖረዋል። ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው ግን ይህን ባለማወቅ፣ የጠፋውን ጉልበት ለመመለስ ማርሚታ ያስቈርጣል፤ ማጣሪያ ያወጣል፤ ሰፊ ካርቡራቶር ይገዛል። የችግሩ ሁሉ መነሻ ይህ ነው።

እያንዳንዱ ለውጥ ምን እንደሚያመጣ እንመልከት። ማጣሪያው ሲወጣ አየር ያለ መጠን ስለሚገባ ድብልቁ ይቀጥናል፤ በበጋ ከጥርጊያው መንገድ የሚነሣው አቧራም ገብቶ ፒስቶኑንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይፈገፍጋቸዋል። ማርሚታው ሲቈረጥ የተቃጠለው ጭስ የሚወጣበት ሁኔታ ስለሚለወጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ድብልቁ ይቀጥናል፤ በሁለት ምት ሞተር ላይማ ማርሚታው ራሱ የሞተሩ አካል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሰፊ ካርቡራቶር ሲገጠምም፣ መሄጃው እንደ ሰፋበት ወንዝ አየሩ ይዘገያል፤ የዘገየ አየር ደግሞ ቤንዚን የመሳብ ኃይሉ ደካማ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከቀስታ ወደ ፍጥነት ሲሸጋገር ይንተባተባል። የካርቡራቶሩ አንገት ከሞተሩ ጋር በልኩ ካልገጠመም በመጋጠሚያው በኩል ያልተለካ አየር ይገባል።

ይልቁንም የሚያሳስበው እነዚህ ስሕተቶች እርስ በርስ መሸፋፈናቸው ነው። ከፍታው ድብልቁን ያወፍራል፤ የማጣሪያው መውጣት ያቀጥናል፤ ሁለቱ ተቻችለው ሞተሩ በሰከላና በቋሪት ደኅና መስሎ ይሄዳል። ነጂውም «ይኸው ተስተካከለ» ይላል። ነገር ግን ያው ሞተር ብስክሌት ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ፣ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ አየሩ ይከብዳል፤ ሙቀቱም ይበረታል። በደጋ ተሸፍኖ የነበረው ቀጭን ድብልቅ በዚያ ይገለጣል፤ ሞተሩም ከሰው ርቆ በበረሃ ይደርቃል። ስለዚህ ሞተር ብስክሌት የሚለካው ለሚውልበት ስፍራ ብቻ ሳይሆን፣ ለሚደርስበት ዝቅተኛ ስፍራም ጭምር ነው።

አሁን ሕመሙን ወደ መፈለጉ እንምጣ። ካርቡራቶሩን ለመፍታት አትቸኩሉ። ካርቡራቶር ብዙ ጊዜ በሌላው ጥፋት የሚከሰስ ዕቃ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ምስክሮቹን መስማት ይገባል።

የመጀመሪያው ምስክር ቤንዚኑ ነው። በጽዋዋ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጉና ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ ጠርሙስ ተቀበሉ። ከገጠር ሱቅ በፕላስቲክ ዕቃ የተገዛ ቤንዚን አንዳንድ ጊዜ ውሃ ይገባበታል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ በጠርሙሱ ሥር ለብቻው ተኝቶ ይታያል። እንዲህ ከሆነ ችግሩ ያለው በጄቱ ሳይሆን በቤንዚኑ ነው። ምንም ካልፈሰሰ ደግሞ የመያዣውን ክዳን ከፍታችሁ እንደገና ሞክሩ። ክዳኑ ሲከፈት ቤንዚኑ መፍሰስ ከጀመረ፣ የተዘጋው በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ ናት ማለት ነው። ይህች ቀዳዳ በጭቃ ተደፍና ብዙ ሰው ካርቡራቶር አስፈትቷል።

ሁለተኛው ምስክር ካንዴላው ነው። ሞተሩ ከሠራ በኋላ ሲበርድ ካንዴላውን ፈትታችሁ ጫፉን ተመልከቱ። ቀለሙ በጥቂቱ እንደ ተቆላ ቡና ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ልኩ ጥሩ ነው። እንደ ምድጃ ጥቀርሻ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ድብልቁ ወፍራም ነው። ነጭ አመድ ከመሰለ ቀጭን ነውና መንዳቱን አቁሙ። የእሳት ብልጭታው ደካማ ሲሆንም ሞተሩ ልክ ቤንዚን እንደ ጐደለው ይንተባተባል፤ ስለዚህ ካርቡራቶሩ ከመነካቱ በፊት በደኅና ካንዴላ መሞከር ይገባል።

ሦስተኛው ምስክር ያልተጠራ አየር ነው። ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጡት የሚጮኽ ከሆነ ወይም እጀታው ሲለቀቅ ቶሎ የማይረጋ ከሆነ፣ ካርቡራቶሩ ከሞተሩ የሚገጥምበት ጎማ ተሰንጥቆ ይሆናል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በመጋጠሚያው ዙሪያ የሳሙና ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉ፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ለዚህ ምርመራ ቤንዚን መርጨት ግን በጋለ ሞተር ላይ እሳት መጥራት ነው፤ ፈጽሞ አይደረግ።

እነዚህ ሦስቱ ደኅና ከሆኑ ያን ጊዜ ወደ ካርቡራቶሩ እንሂድ። ካርቡራቶር አንድ አፍ ብቻ ያለው አይደለም፤ በእጀታው መዞር መጠን የሚሠራው ክፍል ይለያያል። ስለዚህ በእጀታው ላይ በቀለም የሩብ፣ የግማሽና የሦስት ሩብ ምልክት አድርጉ፤ ሞተሩ የሚታመመው በየትኛው ምልክት ላይ እንደ ሆነም አስተውሉ። እጀታው እስከ ስምንተኛ ክፍሉ ድረስ ሲከፈት ቤንዚን የሚሰጠው ትንሹ ጄት ነው። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ የሚያዘው በመካከል ወደ ላይና ወደ ታች የምትሄደው ሾጣጣ መርፌ ናት። ከሦስት ሩብ በላይ የሚገዛው ትልቁ ጄት ነው። እንግዲህ ሞተሩ በሚኒሞ የሚጠፋ ሲሆን ትልቁን ጄት መለወጥ ከንቱ ድካም ነው፤ በአቀበት ላይ እጀታው በሙሉ ተከፍቶ የሚታፈን ሲሆንም የሚኒሞን ብሎን ማዞር አይረባም።

በመንገድ ላይ ሳላችሁ ድብልቁ ወፍራም ይሁን ቀጭን ለማወቅ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሕመሙ በሚታይበት ፍጥነት ላይ ቾኩን ጥቂት ሳቡ። ቾክ ድብልቁን ስለሚያወፍር፣ ሞተሩ ከተሻለው ቀጥኖበት ነበር፤ ከባሰበትም ወፍሮበት ነበር። ይህ መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ ነው።

ሞተር ብስክሌቱ ለሳምንታት ቆሞ ከነበረ፣ ቤንዚኑ ተንኖ የሚቀረው ሙጫ መጀመሪያ የሚዘጋው ትንሹን ጄት ነው። ጄት ሲጠረግ የብረት ሽቦ አይግባበት፤ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋና ልኩ ይጠፋል። በቤንዚን ነክሮ በአየር መንፋት ይበቃል። ጄት መለወጥ ካስፈለገም ከፍ ያለ ቍጥር ያለው ብዙ ቤንዚን እንደሚሰጥ፣ ነገር ግን የአንዱ ፋብሪካ ቍጥር ከሌላው ጋር እንደማይተካከል አስታውሱ። የድብልቅ ማስተካከያዋን ብሎን በሚመለከት ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ብሎኗ በአየር ማጣሪያው በኩል ካለች ስትጠብቅ ድብልቁ ይወፍራል፤ በሞተሩ በኩል ካለች ግን ስትጠብቅ ይቀጥናል። ይህን ሳይለዩ ማዞር መድኃኒቱን ከመርዙ ሳይለዩ እንደ መስጠት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ስፍራው አየር የሚገባበትና ከከሰል እሳትም ሆነ ከሲጋራ የራቀ ይሁን። ቤንዚንን በቱቦ በአፍ መሳብም ክፉ ልማድ ነው፤ ወደ ሳንባ ከገባ ለሞት ያደርሳል።

አሁን ወደ ምሳሌያችን ባለሙያ እንመለስ። የእርሱን ሞተር ብስክሌት ለመፈወስ የሚበጀው መንገድ አዲስ ለውጥ መጨመር ሳይሆን የተደረገውን ለውጥ መመለስ ነው። አስቀድሞ ደኅና የአየር ማጣሪያ ይግባለት፤ ቀጥሎ ማርሚታው ይጠገን፤ ከዚያም ለሞተሩ ልክ የሆነው ካርቡራቶር ይገጠምለት። የከፍታው ጉዳይ ብቻ ሲቀር፣ መርፌዋን በአንድ እርከን ዝቅ በማድረግ ወይም አንድ ቍጥር አነስ ያለ ጄት በማስገባት ይስተካከላል፤ ውጤቱም በካንዴላው ቀለም ይመረመራል። በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሁለት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው አያውቅምና።

በመጨረሻ ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች የምናቀርበው ቃል ይህ ነው። በቢሮአችሁ አንድ ደብዳቤ እንኳ ያለ ቍጥርና ያለ ቀን አይወጣም። ሦስት ሰው የተቀባበለው ሞተር ብስክሌት ግን ምን ቍጥር ያለው ጄት እንደ ገባበት፣ መርፌዋ በስንተኛው እርከን እንዳለች፣ ማጣሪያው መቼ እንደ ታጠበ የሚናገር አንድ ወረቀት የለውም። ስለዚህ አዲሱ ነጂ የቀደመውን ስሕተት ሳያውቅ በላዩ ሌላ ይጨምራል፤ ቢሮውም አንዱን ሕመም ሦስት ጊዜ ከፍሎ ያሳክማል። ለእያንዳንዱ ሞተር ብስክሌት አንድ ደብተር ይከፈትለት፤ የተለወጠው ዕቃ፣ ቀኑና የተነዳው ኪሎ ሜትር ይጻፍበት፤ ከሞተሩ የወጣው የቀድሞ ዕቃም በከረጢት ታስሮ ከደብተሩ ጋር ይቀመጥ። ከጋራዥ የሒሳብ ወረቀት ሲመጣም፣ «ካርቡራቶር ተሠራ» ለሚል ቃል ብቻ ከመፈረማችሁ በፊት፣ ምኑ እንደ ተሠራ ጠይቁ።

ደብተሩ የሚጠይቀው ጥቂት መስመር መጻፍን ነው። እነዚያ ጥቂት መስመሮች ግን በቋሪት አቀበት ላይ ወይም በዓባይ ሸለቆ ብቻውን የሚቆመውን ሠራተኛ ያድናሉ፤ ዋግ የገባበትን ስንዴ ይዞ በማሳው ዳር የሚጠብቀውንም ገበሬ ይደርሱለታል።